የትናንት ፀሐይ

ክላይቭ ሲተኛ፣
በትናንት ፀሐይ ነው የሚተነፍሰው፤
ጭምብሉን አጥብቄ፣ ማብሪያዋን ተጭኜ
ሌሊቱን በቀትር እኔ ነኝ የማለብሰው።
ከራስጌው ያለችው የእስትንፋስ ማሽን
ትገፋለች፣ ትስባለች፣ እንደ ሩቅ ባሕር፤
አንዲት ሞገድ ስትጎድል እባንናለሁ፣
በጨለማ ደረቱን በመዳፌ ስቆጥር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ያመላለስኩባትን
ያችኑ አሮጌ አውቶቡስ በጡረታዬ ገዛኋት፤
ወንበሯን ነቃቅለን አልጋ ዘረጋንባት፤
ክላይቭ ከጣሪያዋ አራት ጥቁር ሰሌዳ ገጠመላት።
(ልጆቹ ከመስኮቱ ሥር የለጠፉት ማስቲካ ግን
እስከ ዛሬ አለ። በቢላም አልለቅ አለን።)

«ነዳጁ ለመንገድ፣ ፀሐዩ ለኑሮ» ብሎ፣
የባትሪውን መለኪያ ከበሩ ራስ ላይ ሰቅሎ፣
ጎጆአችንን ለቁጥር አስረከበ።
አሥራ ሦስት ሲሞላ ማንቆርቆሪያው ይጣዳል፤
አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ማራገቢያው ይጠፋል፤
ከዚያ በታች ከወረደ፣ መብራት የሚበላ ይመስል
ወሬው ሁሉ በሹክሹክታ ይሆናል።

ከበረሃው አፋፍ አንድ ባሕር ዛፍ ቆሟል፣
ባሕር የሚባል ነገር በዕድሜው አይቶ የማያውቅ።
አርባ ሁለት ዲግሪ። መሪው እጅ ያቃጥላል፣
ጥላው እንደ ጉድጓድ ውሃ ከሩቅ ይጠልቅ።
«ከጥላው ግቢ!» አለኝ ገላዬ።
«ከጥላው ውጪ!» አለኝ ጣሪያዬ።
እኔ ስቀዘቅዝ እሱ ሊታፈን፣
እኔ ስነድ እሱ ሊተነፍስ፤
ትዳር ማለት ይኸው ነው አልኩና
ባልዲ ውሃ አናቴ ላይ ሳፈስ፣
ዛፉን በመስኮት እያየሁት
ፀሐይ ላይ ዋልኩ፤ እንደ ልብስ።

ኑላርቦር ገባን። ስሙ ራሱ ዛፍ የለም ማለት ነው።
ጥላ የለ፣ ጠላት የለ፣ ብዬ ተደሰትኩ፤
ግን ሰማዩ ራሱ ጥላ ሆኖ መጣ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይን በምናቤ ፈለግኩ።
ዝናብ እንኳ የማይሰጥ ደመና፣
ፊቱን እንዳዞረ ባለዕዳ፣ ተጋድሞ ቀረና፤
በመጀመሪያው ቀን ማራገቢያው ዝም አለ፣
በሁለተኛው ማቀዝቀዣው። ዓሣውን ሁሉ ጠበስኩ፣
የተረፈውን ለቁራ በተንኩ፤
በሦስተኛው ማታ መለኪያው
አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ላይ ዓይኑን ጨፈነ።

መቶ ሜትር ርቆ መርቭ ሰፍሯል።
ጄኔሬተሩ ከንጋት እስከ ምሽት ያጓራል።
እዚያው ሰኞ ዕለት ሄጄ፣ ወገቤን ይዤ፣
«ዝምታችንን ሰረቅከን» ብዬው ነበር፤
«ፀሐይ በነጻ እያለ፣ ቤንዚን እየገዙ መጮህ
ምን ይሉታል፣ በል ንገረኝ፣ አንተ ሰው?» ብዬው ነበር።
አሁን በባትሪ መብራት ድንጋዩን እየረገጥኩ
ያንኑ ቃሌን እንደ ጠጠር በጫማዬ ይዤ ሄድኩ።
በውስጥ ሱሪው በሩን ከፈተ።
ባሌ አልኩት። ሌሊቱ አልኩት። ማሽኗ አልኩት።
ሳቅም የለ፣ ነገርም የለ፤
«ስንት ሜትር ይሆናል?» ብቻ አለ።

ብርቱካናማ ገመድ በድንጋዩ መሐል ተዘረጋ።
ያን ሌሊት ያ የጠላሁት ጩኸት፣
ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ እያለ ሲያጓራ፣
እሹሩሩ ሆኖልኝ፣ ተኛሁ እስኪነጋ።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ ተከፈተ።
መሰላል ወጥቼ፣ በክላይቭ አሮጌ ሸሚዝ
አራቱን ሰሌዳ እንደ ሕፃን ፊት ጠረግኩ።
ቁጥሩ ሲወጣ ከታች ክላይቭ ይጮኻል፤
«አሥራ ሁለት ተኩል! አሥራ ሁለት ከሰባት!»
እኔም ከላይ ሆኜ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

አርብ ዕለት የመርቭ ቤንዚን አለቀ፤
ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ከማደያው ርቆ።
ገመዱን ገና አልጠቀለልነውም ነበር፣
ጫፉን ከዚህ ሰክቼ አበራሁለት።
«ማንቆርቆሪያው ግን ብዙ ይበላል» አልኩት፣ «ለሻይህ፣
አሥራ ሦስት ሲሞላ ናና እዚህ አፍላ።»